ቀለሙ ጠፋ እንጂ ውሃው አልጸዳም

ሰሞኑን አንድ ባለሙያ በውይይት መድረክ ላይ የተናገሩት ነገር እስካሁን ያበግነኛል። ሰማያዊ የማቅለሚያ ውሃ በብርጭቆ አቀረቡ። ከባዮፖሊመር፣ ማለትም ሕያው ነገር ከሚሠራው ረጅም ሰንሰለታማ ሞለኪውል፣ የተሠሩ ትንንሽ ነጭ እንክብሎች ጨመሩበትና መብራት አበሩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ውሃው ጠራ። «ዓይናችሁ ምስክር ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ምርመራ ያስፈልጋል?» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

የኔ ዓይን ግን ሌላም ነገር አይቷል። ነጭ የነበሩት እንክብሎች ብርጭቆው ሥር ሰማያዊ ሆነው ተኝተዋል። ማቅለሚያው የት ሄደ? እዚያው ነዋ!

እንክብሎቹ ከቡናማ የባሕር አረም የሚወጣው አልጂኔት ናቸው። ውስጣቸው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት አለ፤ ፎቶካታሊስት የሚሉት፣ ብርሃን ሲያርፍበት ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር ነው። አልጂኔት ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው፤ ብርጭቆው ውስጥ የነበረው ሜቲሊን ብሉ ደግሞ ፖዘቲቭ ነው። ሲገናኙ ይጣበቃሉ። ለዚህ ብርሃን አያስፈልግም። ፎቶካታሊስት ስሙን የሚያገኘው ማቅለሚያውን በብርሃን ኃይል ሲሰባብረው ነው። ውሃ ውስጥ የነበረን መርዝ እንክብል ላይ ለጥፎ «አስወገድኩ» ማለት ቆሻሻን ምንጣፍ ሥር ጠርጎ ቤቱ ጸዳ እንደማለት ነው።

እሺ፣ ተሰባበረ እንበል። ከጨርቅ ማቅለሚያዎች ብዙዎቹ አዞ (azo) የሚባለው የኬሚካል ወገን ናቸው። ቀለማቸው የተንጠለጠለው ሁለት ናይትሮጅኖችን ባያያዘች አንዲት ትስስር ላይ ነው። እሷ ስትበጠስ ቀለም የለም፤ ዓይን «ጸዳ» ይላል። ስብርባሪው ግን ውሃው ውስጥ አለ። ከመካከሉ አሮማቲክ አሚኖች የሚባሉ ናይትሮጅን ያዘሉ ውህዶች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ከእነሱም ለካንሰር የሚያጋልጡ አሉ። የአውሮፓ ኅብረት 22 ዓይነት አሚኖችን የሚለቁ የአዞ ማቅለሚያዎችን ቆዳ በሚነካ ጨርቅ ላይ የከለከለው ለዚህ ነው። አሚንን በዓይን ያየ ማን አለ? ሜቲሊን ብሉ ብርሃንን አጥብቆ በሚውጥበት የ664 ናኖሜትር ሞገድ ላይ ብቻ የሚለካው መሣሪያም ቢሆን ቁጥር የተለጠፈበት ዓይን ነው። መለካት ያለበት በውሃው ውስጥ የቀረው ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን ነው። እሱ ካልወረደ ስብርባሪው እዚያው ውሃው ውስጥ ነው። ይህ ሳይለካ የሚቀርብ ውጤት ሁሉ ለእኔ ማስታወቂያ ነው።

ከሁሉ ያናደደኝ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም» ያሉት ነው። ይሄ ክርክር አይባልም። ማቅለሚያን የሚበጣጥሰው ራዲካል፣ ብርሃኑ ዱቄቱ ላይ ሲያርፍ የሚፈጠረው ያገኘውን የሚያጠቃ ቅንጣት፣ የባሕር አረም ነው ብሎ አይምርም፤ አልጂኔቱንም ይበላዋል። የእውነተኛ ማቅለሚያ ቤት ፍሳሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ በጨው የተሞላ ነው። እንክብሉን አጥብቆ የያዘው ካልሲየም ነው። የጨው ሶዲየም ቦታውን ሲቀማው እንክብሉ ያብጣል፣ ይልፈሰፈሳል፣ ይፈርሳል። ያኔ ታይታኒየሙም ከፍሳሹ ጋር ይሄዳል። ብርጭቆው ውስጥ ግን ጨው አልነበረም።

እንክብል ዱቄቱን ከውሃ መልሶ መልቀምን ያቀልላል። ይህን አልክድም። ከዚያ ያለፈ ምስጋና የለኝም።

እጄን አውጥቼ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ። ያንኑ ውሃና ያንኑ እንክብል፣ መብራቱን አጥፍታችሁ ሁለት ሰዓት ጨለማ ውስጥ አስቀምጣችሁታል ወይ? ጨለማም ውስጥ ከጠራ ብርሃኑ ምን ሠራ?

«ሰዓት አልቋል» ተባልኩ።