ከማይክሮዌቩ በላይ የተሰቀለው ሰውዬ

ዛሬስ አንጀቴ ቅጥል ብሏል። ካልተነፈስኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

የምሠራው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ኦክላንድ ነው። ምሳ የምንበላበት ክፍል ውስጥ ያለችን አንዲት ማይክሮዌቭ ናት። ከእሷ በላይ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሆነው፣ አንድ ትልቅ ፖስተር ተሰቅሏል። ሶኒ ባርጀር። የሄልስ ኤንጅልስ የሞተረኞች ቡድን አለቃ የነበረው። የቆዳ ሰደርያውን ለብሶ ሞተሩ ላይ ተቀምጧል። ሽሮዬ እስክትሞቅ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ከእሱ ጋር እንፋጠጣለን።

የሰቀለው አብሮኝ የሚሠራ ፈረንጅ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን እኮ ይቀለኝ ነበር። ባለፈው ጃንዋሪ የመኪናዬ ባትሪ ሲሞትብኝ፣ በዚያ ዝናብ ወጥቶ ኬብል የገጠመልኝ እሱ ነው። "ምን አግኝተህበት ነው?" አልኩት። "ነፃ ሰው ነበር፣ ለሕግም ለማንም ያልተንበረከከ። የኦክላንድ ልጅ ነው፤ ባህላችን ነው" አለኝ።

ባህላችን!

ቆይ እስቲ። ባርጀር በፈረንጆቹ 1957 የኦክላንዱን ቅርንጫፍ ሲያቋቁም ገና ሃያ ያልሞላው ጎረምሳ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኩ ግማሹ ሞተር፣ ግማሹ ፍርድ ቤት ነው። በ1973 በሄሮይንና በመሣሪያ ተፈርዶበት ገባ፣ በ1977 ወጣ። በ1988 ደግሞ ኬንታኪ ያለ የተቀናቃኝ ቡድን ቤት ለማፈንዳት አሲረሃል ተብሎ እንደገና ተፈረደበት። የተፈታበትም ክስ አለ፤ እሱን አልቆጥርበትም።

ለሕግ አልተንበረከከም የሚለው ነገር ግን ያስቀኛል። ክንፍ ያለው የራስ ቅል አርማቸው በሕግ የተመዘገበ የንግድ ምልክት ነው። በ2010 የአሌክሳንደር መክዊን ፋሽን ቤት የሚመስል ነገር ቀለበትና ቀሚስ ላይ ሲያወጣ ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? ሞተር አስነስተው ሄዱ? ጠበቃ ቀጥረው ከሰሱ! ሕግ አናውቅም ያለ ሰው ለቀለበት ሲሆን ሕጉ ትዝ አለው።

የኔን ልብ የሚያደማው ግን አልታሞንት ነው። ከኦክላንድ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው። ዲሴምበር 6 ቀን 1969 ሮሊንግ ስቶንስ የሚባሉት የሮክ ሙዚቀኞች እዚያ የነፃ ኮንሰርት አዘጋጁ። 300 ሺህ ያህል ሰው መጣ። ሄልስ ኤንጅልሶች መድረኩ ዙሪያ እንዲሆኑ ተደረገ፣ ክፍያውም የ500 ዶላር ቢራ ነበር ይባላል። ጥበቃን በቢራ! ቀኑን ሙሉ ሰው በቢሊያርድ እንጨት ሲደበድቡ ዋሉ። ማታ ላይ ሜሬዲዝ ሀንተር የሚባል የ18 ዓመት ጥቁር ልጅ እዚያው መድረኩ ስር በስለት ተወግቶ ሞተ። እውነቱ ይነገር፣ ልጁ ሽጉጥ አውጥቶ ነበር። የወጋውም የቡድኑ አባል ራሱን ሲከላከል ነው ተብሎ በነፃ ተለቋል። በማግስቱ ባርጀር ሬዲዮ ጣቢያ ደወለ። ከአፉ ያልጠፋው ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ሞተራችንን ነክተዋል፣ ረግጠዋል!

የሀንተር መቃብር ከ35 ዓመት በላይ ድንጋይ እንኳ አልቆመለትም። ባርጀር ግን በ2022 በ83 ዓመቱ ሲሞት ስቶክተን ላይ በመኪና መወዳደሪያ ሜዳ ሺዎች ተሰብስበው ሸኙት። አሁን ደግሞ ከሽሮዬ በላይ ተሰቀለልኝ።

ከኛ ክፍል ግማሹ ሐበሻ ነው። ጥቁር ሰው ቡድኑ ውስጥ እንደማይገባ ባርጀር ራሱ በሕይወት እያለ የተናገረው ነው። የማያስገባኝን ሰውዬ ፎቶ ሥር እንጀራዬን አጥፌ እበላለሁ። ወይ ጉድ!

ይሄን ለባልደረባዬ ስነግረው ብልጥ መልስ ሰጠኝ። ኢንተርኔት ላይ አንብቦ ነው መሰለኝ፣ "እናንተስ ሽፍታ የነበረ ንጉሥ አይደል እንዴ ፎቶውን የምትሰቅሉት?" አለኝ። ቴዎድሮስን ማለቱ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ዝም አልኩ። ካሳ የቋራ ሽፍታ ነበር፣ ውሸት የለበትም። በፉከራ ያደግን ልጆች ነን፣ ሽፍታ ሲባል ደማችን ይሞቃል። ማታ ቤት ገብቼም ስብሰለሰል አመሸሁ። ካሳ አገር አንድ ላደርግ ብሎ ነው፣ ይሄኛው ግን ምን ሊያደርግ? እያልኩ ለራሴ ተከራከርኩ።

ከዚያ አያቴ ትዝ አለችኝ። እኛ ልጆቹ ስለ ሽፍታ ስንፎክር አንድም ቀን አጨብጭባልን አታውቅም። ለእሷ ሽፍታ ማለት አንድ ሌሊት ከበረት ተነድቶ የሄደ በሬ ነው። የበሬውን ስም ሳይቀር ታውቀዋለች፣ ዳምጠው። የወሰደውን ሰውዬ ስም ጠይቀናት፣ "ምን ይሠራልኛል?" ነበር መልሷ።

እናም ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ባልደረባዬን ጠየቅኩት። "ሜሬዲዝ ሀንተርን ታውቀዋለህ?"

ሳንድዊቹን እያኘከ ትንሽ አሰበ። "የት ቡድን ነው የሚጫወተው?" አለኝ።

ነገ ምስር ወጥ ይዤ ነው የምሄደው። ማይክሮዌቩን ወደ መስኮቱ ላዞረው ሞክሬ ነበር። ገመዱ አይደርስም።