ወላጅ ይዘህ ና!

ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የልጄ ክፍል የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ነው። በዚያ ሰዓት የሚጮህ የወላጅ ግሩፕ መልካም ዜና አያመጣም። ወይ ልጅ ታሟል፣ ወይ ክፍያ ጨምሯል። ብድግ ብዬ ከፈትኩት። ሁለቱም አልነበረም። አንድ አባት የድምፅ መልእክት ልኳል። ረጅም ነው። ከጀርባው የኳስ ጨዋታ ይሰማል፣ በመሀል በመሀል ጉርሻ ይዋጣል። ጉዳዩ ልጁ በአማርኛ ድርሰት ከ10 ስድስት ማምጣቱ ነው።

«ቲቸር፣ ድርሰቱን እኔ ራሴ አይቼዋለሁ። ምኑ ነው 6 የሚያሰጠው? እንዲህ ከሆነ ይህን ሁሉ ብር ለምን እንከፍላለን?»

«አይቼዋለሁ» ነው ያለው። ልጄ የነገረችኝ ግን ሌላ ነው። ድርሰቱን የጻፈው አባትየው ነው። ስድስቷ ለካ የሰውዬው ነበረች! በዚህ በኩል ንዴቱ ይገባኛል። ትልቅ ሰው ስለ «የክረምት ወራት» ጽፎ ስድስት ሲያገኝ ያማል።

ከዚያ ግሩፑ ተነቃቃ። አንዷ ልብ ለጠፈች። አንዱ አውራ ጣቱን ቀሰረ። ሌላው «እኔም ይህንኑ ላነሳ ነበር» አለ፤ የእሱ ልጅ 9 ነው ያገኘችው። መምህሩ አልቆዩም፣ ወዲያው መለሱ። «ይቅርታ ወላጅ፣ ነገ እናየዋለን።» ታየ። በማግስቱ ስድስቷ ስምንት ሆና አደረች።

ልጄ ወሬውን ሰማችና አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ አንተስ ለቲቸር ለምን አትጽፍለትም? እኔ እኮ 7 ነው ያገኘሁት።»

እንግዲህ በየስብሰባው «የዛሬ ልጆች አስተማሪ አያከብሩም» እየተባለ ይለቀሳል። ሥነ ምግባር ጠፋ፣ ፊልሙ አበላሻቸው፣ ቲክቶክ በላቸው ይባላል። ቲክቶክ ምን አደረገ? ልጄ ስልክ የላትም። ያየችው የእኛን ስልክ ነው።

ከአማርኛ ተረት ሁሉ አንዱን ብቻ ይዘህ ሂድ ቢሉኝ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የምትለዋን ነው የምይዘው። አገሩ በሙሉ እሷ ውስጥ አለ። ታሪፍ ሲጨምር የምንሰድበው ረዳቱን ነው። መብራት ሲጠፋ የምናፋጥጠው ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ምስኪን ነው። አለቃችን ቢሮ ሲቆጣን ምሳ ሰዓት ላይ «ይሄ ምን ዓይነት ሽሮ ነው!» ብለን አስተናጋጇ ላይ እንጮኻለን። ዳውላ የማይገኝበት ቦታ የለም። አንዳንዱ ሰውማ ከቤት ሲወጣ ቀድሞ ዳውላውን ነው የሚፈልገው።

አሁንም ያው ነው። የትምህርት ቤት ክፍያ የጨመረው ባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ግሩፑ ውስጥ የለም። ቢኖርም ማንም ድምፅ አይልክበትም። በሚቀጥለው ዓመት የታናሽየው ምዝገባ አለ። አስተማሪው ግን አለ። ስልኩ ይታወቃል፣ ማታም ይመልሳል፣ ይቅርታም ይጠይቃል። ከጨመረው ክፍያ ስንቱ ለእሱ እንደሚደርሰው የሚጠይቅ ወላጅ ግን እስካሁን አላየሁም።

በእኛ ጊዜ ብዬ ልጀምር ነው፣ ታገሱኝ።

በእኛ ጊዜ ከዱላም ከመንበርከክም የሚያስፈራው አንድ ነገር ነበር። «ወላጅ ይዘህ ና!» ዱላ ያልፋል። ወላጅ ከመጣ ግን ትምህርት ቤት አንድ ጊዜ፣ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ፣ ቤት ገብተህ አንድ ጊዜ ትገረፋለህ። አባትህ ምን እንዳጠፋህ ገና ሳይሰማ «ልክ ነዎት መምህር» ይላል። ስለዚህ ብልጥ ብልጡ ወላጅ ይከራይ ነበር።

አንድ ጓደኛችን በኳስ መስኮት ሰበረና ወላጅ አምጣ ተባለ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ጠላ ቤት ነበረች። እዚያ ከሚውሉት አንዱን በጥቂት ብር ተስማማና «አጎቴ ነው በል» ብሎ ይዞት መጣ። እኛ በመስኮት እያየን ነው። ሰውዬው ዩኒት ሊደሩ ቢሮ በር ላይ ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ። ጋቢውን አስተካከለ። ቁጭ ይበሉ ቢባል እምቢ አለ፣ መምህሩ ቆመው እሱ አይቀመጥም። እጁን አጣምሮ አንዱን ክስ ሳይዘል ሰማ። መስኮቱ፣ ማርፈዱ፣ መፎረፉ፣ አጤሬራው። ለካ ብዙ ጉድ ነበረበት። ሰምቶ ሲጨርስ ዞር አለና ልጁን በጥፊ አጮለው። እንዲያው ለማስመሰል አይደለም። ዩኒት ሊደሩ ራሳቸው ተነስተው ገላገሉ።

ውጭ ሲወጡ ልጁ እያለቀሰ «ምን ሆነህ ነው? እኔ እኮ ነኝ የከፈልኩህ!» አለው።

«ብትከፍልስ? አስተማሪ እንዲህ እየተቸገረብህ ዝም ብዬ ልቁም?»

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሰውዬው ከዚያ በኋላ ሞቅ ባለው ቁጥር ወደ ትምህርት ቤቱ ጎራ ይል ጀመር። ጥበቃውን ያልፍና «የዚያ ልጅ ነገር እንዴት ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል። ካርድ በሚሰጥበት ቀን ደረጃውን ጠይቆ ነው የሄደው። ብር አልጠየቀም። የዛሬውን ወላጅ ሳይ ያ የተከራየ አጎት ይናፍቀኛል።

ይህን ስል ያ ዘመን መልካም ነበር ማለቴ አይደለም። «ጣቶችህን እንደ ጉርሻ ሰብስብ» ተብሎ በማስመሪያ ጠርዝ ጥፍሩ ላይ የተመታ ሰው ስለ ድሮ ትምህርት ቤት ግጥም አይጽፍም። ክፍላቸው ሲገቡ ዝንብ የማይሰማባቸው አስተማሪ ነበሩ። ሁላችንም ብድግ እንላለን። ወላጆቻችን «እሳቸው ናቸው አስተማሪ!» ይሏቸዋል። ተዛውረው ሲሄዱ ከረሜላ ገዝተን ተከፋፈልን። ያ ፍርሃት ነበር። አንድ ጥያቄ ሲጠየቁ «እሱን አላውቀውም፣ አንብቤ ነገ እነግራችኋለሁ» ብለው በነጋታው መልሱን ይዘው የሚመጡ ሌላ መምህር ነበሩን። እሳቸው ሲገቡ ብድግ የሚለው ግማሹ ብቻ ነው። የእሳቸውን ክፍለ ጊዜ ግን ማንም አይፎርፍም።

የቆሎ ተማሪውንም እናስብ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ውሻ እየተከላከለ ለምኖ የሚበላ ልጅ ነው። ለየኔታ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል። ሌሊት ሲያወርድ ሲያወጣ ያደረውን ቅኔ ጠዋት ይዞ ይቀርባል። የኔታ ሰምተው «ይሄ ቤት አልመታም፣ ሂድ» ይሉታል። ይሄዳል። በበነጋው ሌላ ይዞ ይመጣል። አባቱ ከሦስት ቀን መንገድ በእግሩ ገስግሶ «የልጄ ቅኔ ምኑ ነው የጎደለው?» ሲል አልተሰማም። ይመጣ ከነበረም በግና ጌሾ ይዞ ነው።

አስተማሪ ድሮ ክብደት ነበረው። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ ሲያቆሙ፣ ታክሲ ነጂዎችም አብረው ሲያቆሙ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የቆሙበት መሬት ነበር የተንቀጠቀጠው። ያኔ አስተማሪ ቆመ ሲባል አገር ይቆማል። ዛሬ አስተማሪ ቆመ ከተባለ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ቂም አለብኝ። ፕላዝማ።

ለማያውቁት ልንገር። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። ሂሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም በሳተላይት ይመጣል። የተቀረጸው ደቡብ አፍሪካ ነው። የሚነገረው በእንግሊዝኛ ነው፣ ያውም በሩጫ። አስተማሪው መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተሰጠው። በመሀል ሥራው ጥግ ይዞ መቆም ነው።

የፕላዝማዋ ሴትዮ ጥያቄ ትጠይቃለች። «ሁለት ደቂቃ አላችሁ» ትላለች። እኛ ገና ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ ፈገግ ብላ «በጣም ጥሩ!» ትለናለች። ማን መለሰ? ማንም። እጅ ብታወጣ አታይህም። አልገባኝም ብትላት ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ነው የምትሄደው።

ሂሳብ የገባኝ መብራት በጠፋባቸው ቀናት ነው። አንድ ቀን መብራት ሄደ። መምህራችን ከጥጋቸው ወጡ፣ ጠመኔ አነሱ፣ ሰሌዳውን በክንዳቸው ጠረጉ። ያችን ሳምንት ሙሉ ያላየናትን ሎጋሪዝም ከሀ ጀምረው፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም እየቀላቀሉ ማስረዳት ጀመሩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ ወንበር ያሉት እንኳ ደብተር አወጡ። ልንጨርስ ስንል መብራት መጣ። ሴትዮዋ ስለ ሌላ ነገር እያወራች ብቅ አለች። መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጡ፣ እጃቸውን አራገፉ፣ ወደ ጥጋቸው ተመለሱ።

ጥግ ያስያዛቸው ማነው? ተማሪ ነው? ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ «መምህራንን አክብሩ» ተብለን ክፍል ስንገባ የሚያስተምረን ቴሌቪዥን፣ ቁልፉን የያዙት መምህሩ! ማንን ነው የምናከብረው? ሳጥኑን? ይህን ያቀዱ ሰዎች ዛሬም የሆነ ቦታ ተሰብስበው ስለ ትምህርት ጥራት እያወሩ ይሆናል ብዬ ሳስብ ደሜ ይፈላል።

መስከረም 25 የዓለም መምህራን ቀን ነው። ያን ቀን አንድ ባለሥልጣን መድረክ ላይ ይወጣና «መምህር እንደ ሻማ ነው፣ ራሱ ቀልጦ ለሌላው ያበራል» ይላል። ይጨበጨባል። ይህን አባባል የፈጠረው ሰው መምህር አልነበረም። ሰው ፊት ለፊት «አንተ ቅለጥ» ተብሎ የሚጨበጨብለት ሌላ ሙያ አለ? «የባንክ ሠራተኛ እንደ ሻማ ነው» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሻማ እንኳ ሱቅ ውስጥ ዋጋው ይጨምራል። የሻማውን ሰውዬ ቤት ልከራይ ብትሉት ደግሞ ሥራችሁን ይጠይቃል። መምህር ነኝ ካላችሁ ቤቱ ትናንት ነው የተያዘው።

ብቻ፣ ማርክ ላይ ነበርን።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከለመዱት ክፍልና ከለመዱት ፈታኝ ተለይተው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተፈተኑ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው። ጦርነት ነበር፣ ኮሮና ነበር፣ መጽሐፍ አልነበረም፣ ኩረጃው ነበር። ግን የሰፈራችንን አንድ ልጅ አስታውሳለሁ። ካርዱ ከላይ እስከ ታች 90 እና 95 ነው። እናቱ ለእንግዳ ሁሉ ታሳያለች። ውጤቱ የወጣ ቀን ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። «ፈተናውን አበላሽተውበት ነው» አሉ። እኔ ግን ያን 95 ማን፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ግሩፕ እንዳስጨመረው ነበር የማስበው።

ለእኔ አስተማሪን ማክበር ብድግ ማለት አይደለም። ደብተር መሸከምም፣ «ቲቸርዬ» ማለትም አይደለም። 6 ሲል 6 ነው ብሎ ማመን ነው። ለምን 6 ሆነ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፣ ይገባልም። የሚጠይቀው ግን ልጁ ነው። በቀን ነው። ደብተሩን ይዞ ነው። መምህሩም «እዚህ ጋ አራት ነጥብ ረስተሃል፣ እዚህ ጋ ሐሳብህ ተቆርጧል» ይሉታል። ወይም «ልክ ነህ፣ አላየሁትም» ብለው ይጨምሩለታል። ይህ ትምህርት ነው። በድምፅ መልእክት የመጣች ሁለት ማርክ ግን ለልጁ ያስተማረችው መምህሩ ወላጅ እንደሚፈሩ ብቻ ነው። እንዲህ አድርገን ካበቃን በኋላ ነው እንግዲህ ልጁን አስቀምጠን «አስተማሪህን አክብር» የምንለው።

ያክብር እንጂ! ምን ጥያቄ አለው? ለልጄም ይህንኑ ነግሬያታለሁ። «እሺ፣ ግን እሱስ ስምንት ሆነለት» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ቅዳሜ በወላጆች ስብሰባ ላይ ልናገረው አስቤ ነበር። ባለቤቴ ከለከለችኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ወላጅ እጁን አውጥቶ እንዲህ ያለ ቁም ነገር ተናገረ። ተጨበጨበለትና እዚያው የወላጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር ተደረገ። እስካሁን የመጸዳጃ ቤቱን የውሃ ታንከር እያስጠገነ ነው።