ያልጮኸው ውሻና አክስቴ

በቴሌቪዥን ድራማዎቻችን ላይ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ምስጢር ያለበት ሰውዬ መስታወት ፊት ይቆምና «ወንድሜን የካድኩት እኔ ነኝ! ይህን ማንም ማወቅ የለበትም!» ይላል። ለብቻው። ጮክ ብሎ። ኧረ ቀስ በል፣ ሠራተኛዋ ትሰማሃለች!

ደራሲው ኮናን ዶይል ግን ዘዴው ገብቶታል። በ1892 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ የመርማሪው የሼርሎክ ሆምስ ታሪኩ ውስጥ ስመ ጥር የእሽቅድምድም ፈረስ በሌሊት ይጠፋል። ፖሊሱ አንድ እንግዳ ሰው ይዞ አስሯል። ሆምስን ያሳሰበው ውሻው ነው። ጋጣው ውስጥ ውሻ አለ፣ ሰው ገብቶ ፈረስ ሲያወጣ ግን አልጮኸም። በቃ! የገባው ውሻው የሚያውቀው ሰው ነው። የፈረሱ አሠልጣኝ ራሱ! (መጨረሻውን ተናገርኩባችሁ፤ ግን እኮ ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል።)

እኔን ብዙም አልደነቀኝም። አክስት አለችኛ።

አክስቴ ቡና ላይ የማታወራው የለም፤ የጎረቤት ድመት ስንት እንደወለደች፣ ማን ዕቁብ እንዳልከፈለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ ምራቷ፦ ወጡ ላይ ጨው እንደምታበዛ፣ እስከ ረፋድ እንደምትተኛ፣ ስልክ ከእጇ እንደማይወርድ። ባለፈው ቅዳሜ አቦሉ ወርዶ ቶናው ተጣደ፣ ስለ ምራቷ አንድም ነገር የለም። አጎቴ፣ የዋህ ነው መቼም፣ «ለመሆኑ ምራትሽ እንዴት ናት?» አላት።

«ደህና ናት።»

ከዚያ ማራገቢያውን አንስታ ከሰሉን ማራገብ ጀመረች። ከሰሉ እኮ ፍም ሆኗል! ብታማት ኖሮ ሰላም ነው ብለን ቡናችንን እንጠጣ ነበር። ሁላችንም ስኒያችን ውስጥ አቀረቀርን። እናቴ ፈንዲሻውን ወደ አጎቴ ገፋ አደረገችው፣ አፉ ሥራ እንዲያገኝ ይመስለኛል። በረካውን ማንም ሳያወራ ጠጣነው።

የድራማ ጸሐፊዎቻችን ቢሆኑ አክስቴን ጓዳ አስገብተው ከድስቱ ጋር ያናግሯት ነበር።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እናቴን ቀስ ብዬ፣ «ተለያይተዋል እንዴ?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ!» አለችና እስከ ሜክሲኮ ድረስ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን አየች።