ማስተካከያ፦ ልጅን ስለ መቅጣት

ሰሞኑን በሐዋሳ፣ በተለይ በታቦርና በመናኸሪያ ክፍለ ከተሞች ወላጆች ዘንድ «ሕገ መንግሥቱ መምህር ተማሪን በትምህርት ቤት፣ ወላጅም ልጁን በቤት ውስጥ እንዳይቀጣ ይከለክላል» የሚል መልእክት ሲዘዋወር ነበር። ስለ ወላጅ የሚለው እንዲህ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን ከአካል ቅጣት የሚጠብቀው በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ ነው። ስለ ቤት በቀጥታ አይናገርም። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም አሳዳሪ (ወላጅን ጨምሮ ልጁን የማሳደግ ኃላፊነት ያለበት ሰው) ልጁን ለማነጽ አስፈላጊውን የሥነ ሥርዓት እርምጃ መውሰድ እንደሚችል ይደነግጋል።

ይህን ያነበበ ግን አለንጋ ለማንሳት አይቸኩል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576፣ ልጅ የማሳደግ ኃላፊነት ያለበት ሰው በማናቸውም ምክንያት ልጁን ቢያጎሳቁል፣ ቸል ቢል፣ ከአቅሙ በላይ ቢያሠራው ወይም ቢደበድበው እስከ ሦስት ወር በሚደርስ ቀላል እስራት ያስቀጣል ይላል። በጤናው ወይም በአካልና በአእምሮ እድገቱ ላይ ከባድ ጉዳት ከደረሰ ቅጣቱ ከአንድ ዓመት አያንስም፤ የቤተሰብ መብትም ያሳጣል። «ልጄ ነው፣ ምን አገባችሁ» ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። በርበሬ ማጠንም (ዛሬም የሚያደርጉት አሉ) ተግሣጽ ሳይሆን ማሠቃየት ነው።

መልእክቱ ስለ መምህራን የሚለው ግን ትክክል ስለሆነ እንዳለ ይቆያል።