«አትቸገሩ»

በአማርኛ ውስጥ «አትቸገሩ» የምትለውን ቃል ያህል ሰው ያስቸገረ ቃል ያለ አይመስለኝም። የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ የልጆቹ ትምህርት ስለተዘጋ ለሁለት ቀን ጅማን አይተን ልንመለስ ነው፤ ሆቴል ስለምንይዝ በምንም አትቸገሩ» ባለኝ ማግስት፣ ባለቤቴ ከጎረቤት ሁለት ፍራሽ ተውሳ፣ ዶሮ ገዝታ፣ የእኛን መኝታ ክፍል ለእንግዶች አሰናድታ፣ እኔን ወደ ሳሎኑ ሶፋ አዛውራኝ ነበር። ዘመድ ባለበት ከተማ ሆቴል የሚያድር ሰው ዘመዱን እንደሰደበ ስለሚቆጠር፣ እኔም ወጉ እንደሚያዘው «ቤት እያለ ምን ሲደረግ!» ብዬ ጮኼአለሁ፤ እሱም ወጉ እንደሚያዘው ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተግደርድሯል።

350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው፣ የግቤን በረሃ ወርደውና ወጥተው አመሻሽ ላይ ሲደርሱ፣ በስልክ ያልተነገረችው የሚስቱ እህት ተጨምራ ስድስት ሆነዋል። በዚያው ምሽት፣ የአጎቴ ልጅ ጠረጴዛ ላይ ጥሎት የተኛውን ደብተር ልጆች እንዳይሞነጫጭሩበት ላነሣ ስል ዐይኔ ገጹ ላይ አረፈ (ዐይን መቼም ይሉኝታ የለውም)። «የጅማ ጉዞ በጀት» ይላል። ከመኪና መሳፈሪያ በስተቀር መኝታ ዜሮ፣ ምግብ ዜሮ፣ ቡና ዜሮ፣ አስጎብኚ ዜሮ ሆኖ፣ በየዜሮው ትይዩ «ጋሼ» ተብሎ ተጽፏል። እኔ ተማሪ ሳለሁ እንኳ በአንድ ገጽ ላይ ይህን ያህል ዜሮ አግኝቼ አላውቅም። ርካሽ ዕረፍት የሚባለው ነገር ሒሳቡ የማይከፈል ሳይሆን ሌላ ቤት የሚከፈል መሆኑ የገባኝ ያን ዕለት ሌሊት፣ ከወገቤ በታች ሶፋው አልቆብኝ ስገላበጥ ነው።

በማግስቱ ከመሀል ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ጅሬን ኮረብታ ላይ ወደሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በእኔ ኪስ ሄድን። ቤተ መንግሥቱን ለስንተኛ ጊዜ እንዳየሁት ቆጠራውን ትቼዋለሁ፤ በገዛ ፈቃዴ ግን አንድም ቀን ሄጄ አላውቅም፤ የጅማ ሰው ጅሬን የሚወጣው እንግዳ ሲገፋው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በላይ እንደነበር ስናገር ልጆቹ ተደነቁ፤ አባታቸው ግን የእንጨቱን ሰገነት ሽቅብ እያየ፣ «አሁን ይሄ ቢከራይ ስንት ያወጣ ይሆን?» አለኝ። እኔን እያደር የሚገርመኝ ቁመታቸው ሳይሆን ብልሃታቸው ነው። ጎረቤቶቻቸው ሲዋጉ እሳቸው ለምኒልክ በሰላም ገብረው፣ ግብራቸውን እየላኩ የውስጥ አስተዳደራቸውን በእጃቸው አቆይተዋል። እኔም ከሰገነቱ ሥር ቆሜ ሳሰላው፣ የቤቴን ሰላም ለማቆየት ያለኝ መንገድ ያው መገበር ሆኖ አገኘሁት፤ ልዩነቱ የእሳቸው ግብር የሚወጣው ከአገር ሲሆን የእኔ ከደመወዝ መሆኑ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጉማሬ ለማየት ቦዬ ሐይቅ ሄድን። ጉማሬው ሳይወጣ ቀረ። ትንሹ ልጅ «ገንዘባችን ይመለስልን» ብሎ አለቀሰ፤ የማን ገንዘብ እንደሆነ ለማስረዳት ዕድሜው አልፈቀደም።

ዋናው ግብር የመጣው ግን በሦስተኛው ቀን ነው። (አዎን፣ ሁለቱ ቀን ወደ አራት አድጓል።) ባለቤቴ ቡና አፍልታ አቦሉ ተጠጥቶ፣ ቶናው ቀርቦ፣ ወደ በረካው ስንቃረብ የሚስቱ እህት ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች፤ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ፣ የእቁብ ሰብሳቢዋና የአከራይዋ አደራ በኪሎ በኪሎ ተዘርዝሯል፦ ቡናና ማር። ከየት እንደሚገዛ ልጠቁማት ስጀምር የአጎቴ ልጅ ከልቡ ተገርሞ፣ «ጋሼ ደግሞ! የቡና አገር መጥተን ቡና እንገዛለን እንዴ?» አለ። የአዲስ አበባ ሰው ጅማ ውስጥ ቡና ከደጅ በመጥረጊያ የሚታፈስ ይመስለዋል። እኔ ግን እንደሱ ደመወዝተኛ ነኝ፤ ቡናዬን በኪሎ ከሱቅ እገዛለሁ፤ ግቢዬ ውስጥ ያለው ተክል ጤና አዳምና አንድ ማፍራት የረሳ ማንጎ ብቻ ነው። ይህን ለማስረዳት አፌን ስከፍት የባለቤቴ ዐይን ዘጋው። ያን ቀን ከገበያ የተሸከምኩት ማዳበሪያ እስከ ዛሬ ትከሻዬን ያመኛል።

በአራተኛው ቀን ማለዳ መናኸሪያ ሸኘናቸው። በቲኬቱ ሒሳብ ላይ የተለመደው ግብግብ ተነሣና እሱ «እኔ! እኔ!» እያለ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ኪሱ ግን እጅግ ጥልቅ ስለነበር እጁ ታች ደርሶ ሳይመለስ እኔ ከፍዬ ጨርሻለሁ። መኪናው ሊነሣ ሲል በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «እንዴት ያለ ርካሽ ከተማ ነው! ለቢሮ ጓደኞቼ ሁሉ እነግራቸዋለሁ» አለኝ።

ቤት ስንመለስ ደብተሩን ረስቶት ሄዷል። እመልስለታለሁ ብዬ ሳስብ ባለቤቴ ከእጄ ወስዳ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ዜሮዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች አነበበቻቸው። ከዚያ አዲስ ገጽ ገለጠችና እስክሪብቶ ይዛ ለጥቂት ጊዜ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

«ለመሆኑ፣» አለችኝ፣ «ሐዋሳ ማን ነበረን?»