በዱቤ የበላነውን በነጻ በላችሁ አትበሉን

ባለፈው ሳምንት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ የኤፍኤም ውይይት እሰማ ነበር። እንግዳው በመንግሥት ሥራ ረጅም ዓመት ያሳለፉ ሰው ናቸው ተባለ። ዩኒቨርሲቲ ሆቴል አይደለም አሉ። መንግሥት ተማሪ ማብላትና ማሳደሩን ትቶ ማስተማሩን ይያዝ፣ ተማሪውም እንደ ውጭው ዓለም ከተማ ተከራይቶ፣ ራሱ አብስሎ፣ እየሠራ ይማር፣ በነጻ የተገኘ ነገር አይከበርም፣ ትውልዱም የተበላሸው በዚሁ ነው አሉ። አዘጋጁ "ትክክል! ትክክል!" እያለ ያጅባቸዋል። የሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ ሞገዱ ተቆራረጠና ቀሪው አመለጠኝ። የሰማሁት ይበቃኛል።

ከፊቴ ሁለት የኮምቦልቻ ግቢ ተማሪዎች ተቀምጠዋል። አንዱ ጓደኛውን በክርኑ ጎሸም አድርጎ "ለካ ሆቴል ነው ያለነው" አለው። "ምን ጥያቄ አለው! ዛሬ ማታ የሼፉ ምርጫ ሽሮ ነው" አለ ያኛው። ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ፤ ጊዜያዊ ዲግሪዬን፣ ቴምፖዬን፣ ይዤ ስንት ዓመት እንደዞርኩ ትዝ አለኝና።

በሉ ከዚህ "ነጻ" ከምትባል ቃል እንጀምር። በዚህ አገር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምግብና መኝታ ነጻ መሆኑ ከቀረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። ከ1996 ጀምሮ ኮስት ሼሪንግ፣ ማለትም ወጪ መጋራት፣ አለ። ደንቡ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይሸፍን ይላል። ፍሬሽ ተማሪ ሻንጣውን እየጎተተ ግቢ ሲገባ የዶርም ቁልፍና ሚል ካርድ (የመመገቢያ ካርድ) ከመያዙ በፊትም ይሁን በኋላ አንድ ወረቀት ላይ ይፈርማል። ወረቀቱን አንብቦ የፈረመ ፍሬሽ አላየሁም። እኔም አላነበብኩም፤ ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ከኋላዬ ያለው ልጅም "ቶሎ በል" ይለኛል። የፈረምኩት ግን የዕዳ ውል ነው። ተመርቄ ሥራ ስይዝ ከደመወዜ እየተቆረጠ ይከፈላል። እስኪከፈል ድረስ ኦሪጅናል ዲግሪዬ እዚያው መያዣ ነው፤ በእጄ ያለው ጊዜያዊው፣ እኛ ቴምፖ የምንለው ብቻ።

አሁን ፍረዱ። የሰፈራችን ባለሱቅ ዘይትና ስኳር በዱቤ ይሰጣል። በደብተሩ ስም ይጽፋል፣ ከስሙ ትይዩ ብሩን ይጽፋል፣ ወር ሲደርስ ይቀበላል። ሰውየው ሸጋ ሰው ነው፣ እግዜር ይስጠው። ነገር ግን ይኸው ባለሱቅ አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ተቀምጦ "ይህን ሰፈር እኮ በነጻ የማበላው እኔ ነኝ፤ ስለለመዱ ነው የሰነፉት" ቢል ምን ይባላል? ደብተሩን አምጣ ይባላል። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው፤ ደብተሩን አምጡ። ስማችን አለ፣ ፊርማችን አለ፣ እንጀራውም ፓስታውም ተደምሮ ተጽፏል። ዲግሪን መያዣ አድርጎ ያበደረ ሰው ለጋስ ነኝ ሲል ከመስማት የከፋ ነገር ካለ፣ ተበዳሪው አፍሮ ዝም ማለቱ ነው።

ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው 22 ብር የነበረበትን ጊዜ ሁሉም ያስታውሳል። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ በ22 ብር! በኋላ ወደ 100 ብር አደገ። ሲያድግ እንደ ስጦታ ተነገረ፤ ተማሪውም አጨበጨበ። እንደ ደንቡ ከሆነ የምግብ ወጪ ሙሉ በሙሉ የተማሪው ነው፤ ስለዚህ ያደገው በጀት ብቻ አይደለም፣ ዕዳውም አብሮ ነው ያደገው። በቀን 100 ብር፣ በዓመት አሥር ወር ግቢ ቢቀመጥ 30 ሺህ ብር ነው። አራት ዓመት የሚማረው 120 ሺህ፣ አምስት ዓመት የሚማረው ኢንጂነሪንግ ደግሞ 150 ሺህ ብር የምግብ ዕዳ ብቻ ይሸከማል። ይህን ያህል የሚከፍልን ሰው ሆቴልም ቢሆን "እንኳን ደህና መጡ" ይለዋል እንጂ አይሰድበውም።

እንግዳው ለክርክራቸው ያቀረቡት ማስረጃ ደግሞ ማኪያቶ ነው። ተማሪዎች ፒያሳ ካፌ ተቀምጠው ማኪያቶ ሲጠጡ በዓይናቸው አይተዋል፤ ስለዚህ ተማሪ ገንዘብ አለው። የአንድ አገር የትምህርት ፖሊሲ በአንድ ስኒ ማኪያቶ ሲወሰን ይታያችሁ! እኔ ያንን ማኪያቶ አውቀዋለሁ። አንድ ታዞ ለሦስት ነው። የታዘዘውም ዋይፋይ ስላለ፣ አሳይመንት ማስገቢያው ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ስለሚዘጋ ነው። አስተናጋጇ በግማሽ ሰዓት ሦስት ጊዜ መጥታ "ሌላ ምን ልጨምር?" ስትል ስክሪኑ ላይ አቀርቅሮ እንዳልሰማ የሚሆነውን ልጅ እንግዳው አላዩትም። ስኒዋን አይተው ሄዱ።

ትውልዱ ሰነፈ ለሚለው ብዙ ቃል አላባክንም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2014 ከተቀመጡት ያለፉት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። በዚያ ወንፊት አልፎ የመጣን ልጅ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የመውጫ ፈተና የሚጠብቀውን ልጅ፣ ቂጣ ስለበላ ተበላሸ ማለት ነውር ነው።

ስለ ካፌው ግን ልናገር፤ እዚያ ያልበላ ሰው የማያውቀው ነገር አለና። (ለማያውቁ፣ ግቢ ውስጥ ካፌ ማለት የምግብ አዳራሹ ነው፤ እንግዳው የሚያውቁት ካፌ ሌላ ነው።) ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ፣ ደሴ ሳይሆን ሌላ ከተማ፣ ስሙን የማልጠራው ትልቅ ግቢ ውስጥ፣ ሚል ካርዴ ጠፋ። ካርድ ከሌለ ቲከሩ አያስገባም። ቲከር ማለት በር ላይ ተቀምጦ ካርድ ላይ ምልክት የሚያደርግ ሰው ነው፤ በግቢ ውስጥ ከፕሬዚዳንቱ ቀጥሎ፣ አንዳንዴም ቀድሞ፣ የሚፈራ ባለሥልጣን። ምትክ ካርድ ለማግኘት አንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ ላከኝ፣ ያኛው ማኅተም የያዘችው ሴትዮ ፈቃድ ላይ ናት አለኝ። ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያበሉኝ የዶርም ልጆች ናቸው። ስድስት ነበርን። ጠዋት አንዱ ግማሽ ዳቦ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ይዞልኝ ይወጣል፤ ማታ ሌላው እንጀራ በላስቲክ ጠቅልሎ ሹራቡ ሥር ደብቆ ያመጣል፤ ምግብ ይዞ መውጣት ክልክል ነውና ቢያዝ የራሱን ካርድ ይነጠቃል። አንዱ የቤንች ልጅ ነበር፣ ሁለቱ የሐረርጌ፣ አንዱ የጎጃም። የላስቲኩ እንጀራ ወጡን ጠጥቶ ከታች ረጥቦ ይመጣል፤ ቆመን ከሎከሩ ላይ እንበላዋለን። ከዚያ በኋላ ስለ አብሮነት ሰው ንግግር ሲያደርግ ስሰማ ያ የሽሮ ሽታ ነው የሚመጣብኝ። ስድስታችንንም በየራሳችን ክፍል አከራይታችሁ ብትበትኑን ኖሮ ካርድ የጠፋበት ልጅ ማን ያበላው ነበር?

"ከተማ ተከራይቶ ይኑር" የሚለውን ሐሳብ ኮምቦልቻ ሞክራ አይታዋለች፤ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ሲመረቅ ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴቶች ገቡ፣ ማደሪያ ግን አልነበረም። ከተማው ይቀበላቸዋል ተባለ። ከተማው ምን አደረገ? አንዲት ክፍል ለአራት፣ ለአምስት አከራየ። ፍራሽ መሬት ላይ፣ ምድጃ በር ሥር፣ ሌሊት ከፈረቃ ስትመለስ በጨለማ መንገድ። ያ ሁሉ ደመወዝ ላላት ሠራተኛ ነው። ደመወዝ የሌላትን የአንደኛ ዓመት ተማሪ እዚያው ሰፈር ጨምሩና ዋጋው የት እንደሚደርስ አስቡት። "እየሠራ ይማር" ይላሉ፤ የት ነው የሚሠራው? ሥራ ያጡ ምሩቃን ፒያሳን ሞልተውት ሳለ ከክላስ በኋላ ለሦስት ሰዓት የሚቀጥረው ማን ነው?

ደግሞም ይህ ምክር መንገድ ተዘግቶ ለማያውቅ አገር የተጻፈ ይመስላል። እኛ ወሎዎች እናውቃለን። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፎ ነበር። ተማሪ ሲጠራ ወላጅ ልጁን መልሶ የላከው ግቢ የሚባል ቅጥር፣ ዶርም የሚባል ጣሪያ፣ ካፌ የሚባል እራት ስላለ ነው። ሂድና ከተማ ውስጥ ቤት ፈልግ ቢባል ማን ይልካል? በክልሉ ግጭት ከተነሳበት ከ2015 ክረምት ወዲህስ? መኪና ሲቆም ከዋድላም ከለጋምቦም ስንቅ አይመጣም። ኔትወርክ ሲቋረጥ ከአባት ስልክ ብር አይላክም። በእነዚያ ሳምንታት ተከራይቶ የሚኖር ልጅ የሚበላው ምኑን ነው? የግቢው ሽሮ ቀጭን ነው፤ አዎ፣ ከታች ሳህኑ ይታያል። ግን መንገድ ተዘጋ ብሎ አልቀረም።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ካፌ ውስጥ ዳቦ ይጣላል፣ ወጥ ይደፋል፣ ከመጋዘንም ዱቄት እግር አውጥቶ ይሄዳል። ታዲያ ዱቄቱን የወሰደው ተማሪ ነው? የፌዴራል ዋና ኦዲተር ሪፖርት ሲያቀርብ የዩኒቨርሲቲዎች ስም ያልተነሳበትን ዓመት አላስታውስም። እዚያ ላይ ሬዲዮ ገብተው ቢናገሩ እኔም "ትክክል" እላቸው ነበር።

አንዳንዱ ደግሞ ለስለስ አድርጎ "ለድሃው ብቻ ይቅርለት" ይላል። ድሃውን የሚለየው ማነው? ቀበሌ። እንግዲያው ገና ምዝገባ ሳይጀመር ማኅተም ያረፈበት የድሃ ማስረጃ ይዞ የሚሰለፈው የነጋዴው ልጅ ነው፤ አባቱ ሊቀመንበሩን ያውቃላ። የእውነት ድሃው ከደላንታ ሁለት ቀን ተጉዞ ሲደርስ "ወረቀትህ ቀን አልተጻፈበትም፣ ተመለስ" ይባላል። ቢጻፍበትስ? ካፌ ውስጥ የሚበላ ሁሉ ድሃ ተብሎ የሚታወቅ ከሆነ ስንቱ ልጅ አፍሮ ጾሙን ያድራል? ዛሬ ትሪ ይዞ ሲሰለፍ የማንም አባት ማን እንደሆነ አይታወቅም። አሁን ግቢ ውስጥ የቀረልን እኩልነት ይኸው ሰልፍ ነው፤ እሱንም ልትበትኑት?

ተማሪ ቤት ቢከራይ የከተማው ኢኮኖሚ ይነቃቃል የሚሉም አሉ፤ ይህን ለማጣራት ግን ሩቅ አልሄድኩም። ሰፈራችን ጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ለተማሪ የሚያከራዩ እትዬ አሉ፤ ቡና ላይ ደርሼ በሬዲዮ የሰማሁትን ነገርኳቸው። ሲኒውን አስቀመጡት።

"ዶርሙ ሊቀር ነው እንዴ?"

"እንዲቀር የሚፈልጉ አሉ፣ እትዬ።"

"መቼ? ካወቅህ ቀደም ብለህ ንገረኝ ልጄ፣ ጓሮው ላይ ሁለት ክፍል አስወጣለሁ።"

"ስንት ሊያከራዩት ነው?"

ትንሽ አሰቡ። ጓሮውን በዓይናቸው ለኩት፣ ከዚያ መልሰው እኔን ጠየቁኝ። "አንዱ ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ ይገባል?"