አማን አንዶም፦ የደርግ ሰለባ ወይስ የደርግ አዋላጅ?

ሌተናል ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም በ1916 ዓ.ም ካርቱም ውስጥ ከኤርትራውያን ቤተሰብ ተወለዱ። ኮሪያ ዘምተዋል። ሐረር የነበረውን ሦስተኛ ክፍለ ጦር አዝዘዋል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ሲወርዱ የደርግ ሊቀመንበር ሆኑ። ከሁለት ወር ጥቂት አለፍ ብሎ፣ ኅዳር 14 ቀን፣ ያው ደርግ በላከው ጦር ተከበው ቤታቸው ውስጥ ሞቱ። ታዲያ እኚህ ሰው በታሪክ ፊት ምን ተብለው ይጠሩ? አንዲት ወጣት የታሪክ መምህርትና አንድ ጡረታ የወጡ መኮንን በጽሑፍ ተሟግተዋል።

አዋላጅ ናቸው ባይ፦ ጋሼ፣ በቀጥታ ልጀምር። ደርግ ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም አራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ ሲቋቋም አባላቱ ቢበዛ ሻለቃ ናቸው። ሕዝቡ አያውቃቸውም። ወታደሩም ቢሆን የራሱን ክፍል ተወካይ እንጂ የሌላውን አያውቅም። እንዲህ ያለ ስም የለሽ ስብስብ አገር ልግዛ ሲል ማን ይሰማዋል? የሚታወቅ ሰው ያስፈልገው ነበር። አማን ሆኑለት። ሊቀመንበርነቱን፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሰብሳቢነቱንና መከላከያ ሚኒስትርነቱን ደርበው ያዙ። ሕገ መንግሥቱ የታገደው፣ ፓርላማው የተዘጋው፣ ሰልፍና የሥራ ማቆም አድማ የተከለከለው እሳቸው ወንበሩ ላይ በወጡበት ቀን ነው።

ሰለባ ናቸው ባይ፦ እህቴ፣ አዋላጅ ካልሽ ልጁ መቼ እንደተወለደ እንይ። ባለሥልጣናቱ እየተለቀሙ የታሰሩት በክረምቱ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን ራሳቸው ከመስከረም በፊት ታስረዋል። ጃንሆይን ቤተ መንግሥት ሄደው የመውረጃቸውን ቃል ያነበቡላቸው ሻለቃ ደበላ ዲንሳ ናቸው፣ በቮልስዋገን ጭነው የወሰዷቸውም እነዚያው መኮንኖች ናቸው። ልጁ ድክ ድክ ማለት ከጀመረ በኋላ ነው አማን የተጠሩት።

ደግሞ ለምን እሳቸው እንደተጠሩ አትርሺ። በ1956 ዓ.ም ከሶማሊያ ጋር በተደረገው የድንበር ውጊያ ጦሩን የመሩት እሳቸው ናቸው። ወታደሩ «የበረሃው አንበሳ» ያላቸው ያኔ ነው። የተኩስ ማቆሙ ስምምነት የተፈረመው በተወለዱበት ከተማ በካርቱም መሆኑ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ይህን ያህል የተዋጋ ጄኔራል ምን ተሸለመ? ብዙም ሳይቆይ ከጦሩ ተነሥቶ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ገባ። ጃንሆይ አጠገባቸው የማይፈልጉትን፣ ግን ሊያስሩት የማይችሉትን ሰው የሚያስቀምጡት እዚያ ነበር። አሥር ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው ወታደሩ «አማን ይምጡልን» ያለው። ወታደር የጠራህን ጊዜ እምቢ ትላለህ? እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን እምቢ አልልም ነበር።

አዋላጅ ናቸው ባይ፦ ጀግንነታቸውን አልካድኩም። እንዲያውም ችግሩ እሱ ነው። ስማቸው ባይገንን ኖሮ ለደርግ ምንም አይጠቅሙም ነበር። እርስዎ ወታደር ነዎት፣ ያውቁታል፤ የሚያመነታ የጦር ክፍል የሻለቃ ትእዛዝ ቢመጣለት ያንገራግራል፣ የአማን ቢመጣለት ግን ሰላምታ ሰጥቶ ይቀበላል።

መስከረም መጨረሻ ላይ የሆነውን ይውሰዱ። የመሐንዲስ ክፍል ወታደሮች ሥልጣኑ ለሲቪል መንግሥት ይሰጥ ብለው ጠየቁ። ከክብር ዘበኛና ከጦር አቪዬሽንም ተመሳሳይ ድምፅ ነበር። መልሱ ምን ሆነ? የደርግ ጦር ካምፓቸውን ሰብሮ ገባ፣ ሰው ሞተ፣ የተረፈው ታሰረ። ሊቀመንበሩ ማን ነበሩ?

ሰለባ ናቸው ባይ፦ ሊቀመንበር ነበሩ፣ ግን የደርግ አባል አልነበሩም። ይህን ልዩነት አቅልለሽ አትይው። ከውጭ የመጡ ሰብሳቢ ናቸው፤ መቶ ከምናምን ሰው ሲሟገት ድምፃቸው አንድ ነው። ደርጉ በዝቷል፣ ይቀነስ ብለው የጠየቁትም ለዚህ ነው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ጓደኞቹ ይህን እንደ ሞት ፍርድ ነው የሰሙት።

ኤርትራንም አንሺ። አማን ሁለት ጊዜ አሥመራ ሄደው ከሕዝቡ ጋር በገዛ ቋንቋው ተነጋገሩ። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ሥልጣን ከያዙት መካከል እንዲህ ማድረግ የሚችል ሌላ ማን ነበር? ደርጉ ተጨማሪ ጦር ይዝመት አለ። እሳቸው አይሆንም አሉ። የታሰሩት ባለሥልጣናት ይገደሉ ሲባልም አይሆንም አሉ። ኅዳር መግቢያ ላይ ሥራውን ትተው ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ታንክ መጣ። እጅ አልሰጡም፣ ተታኮሱ። በጥይት ይሁን በራሳቸው እጅ ይሙቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በዚያችው ሌሊት አክሊሉ ሀብተ ወልድ፣ እንዳልካቸው መኮንን፣ ልዑል ራስ አሥራተ ካሣና ሌሎችም በጅምላ ተረሸኑ። ሁለቱ በአንድ ሌሊት መሆናቸው ድንገት ነው ትያለሽ? በሩ ላይ የቆመውን ሰው ሳያነሡ መግባት አልቻሉም ነበር!

አዋላጅ ናቸው ባይ፦ በሩ ላይ መቆማቸውን እቀበላለሁ። ግን ያንን በር ራሳቸው ናቸው የከፈቱት። ደርግ ከሳቸው የተማረው ደግሞ ጄኔራል ከፊት፣ ሻለቆች ከኋላ ማስቀመጥ እንደሚሠራ ነው። በተገደሉ በቀናት ውስጥ ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እሳቸውንም ጥር 1969 ዓ.ም ደርጉ በሚሰበሰብበት ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ጨረሷቸው።

ሰለባ ናቸው ባይ፦ ተፈሪ በንቲን ከአማን ጋር አታወዳድሪብኝ። አማን ሊቀመንበር በነበሩባቸው ሳምንታት ከታሰሩት ባለሥልጣናት አንዱም አልተረሸነም። የአንድ ሰው እምቢታ ስንት ነፍስ አቆይቶ ነበር?

አዋላጅ ናቸው ባይ፦ ባለሥልጣናቱ አልተረሸኑም፣ እውነት ነው። የመሐንዲስ ወታደሮቹ ግን ሞተዋል፣ እነሱም ነፍስ ናቸው። የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፣ ሥልጣኑ ለሲቪል ይሰጥ የሚል። ጄኔራሉ በዚያ ሳምንት ወንበሩን ትተው ከነሱ ጎን ቢቆሙ ሦስተኛ ክፍለ ጦርም የቀድሞ አዛዡን ይሰማ ነበር፣ አሥመራም ይሰማ ነበር። እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ ከወር በላይ ቆዩ። የለቀቁት የሚሰማቸው የጦር ክፍል ከታሰረና ትጥቁን ከፈታ በኋላ ነው።